ሻለቃ ይማም ቀድመው የተናገሩ ዕለት

ሻለቃ ይማም ማረፋቸውን የነገረችኝ ባለቤቴ ሀያት ናት። ሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ስልኳን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ብላ "ሻለቃ አረፉ" አለችኝ። "ኢና ሊላሂ" አልኩ። ለሞተ ሰው ዱዓ እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አንዱን ጫማ እንዳጠለቅሁ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ። የተናደድኩት ለምን አሁን ሞቱ ብዬ ነው። ከመሞታቸው በፊት ለሰዎች የሚናገሩት አንድ ነገር ነበራቸው፤ እናገራለሁ ብለው ቃል ገብተውልኝ ነበር።

"ቀብር ትሄዳለህ?"

"አላውቅም።"

"ብትቀር ጥፋተኛ ስለሆነ ነው ይሉሃል" አለች። "ብትሄድ ደግሞ ምን እንደሚሉህ እንጃ።"

ሀያት ነገር ማለስለስ አትወድም።

ሻለቃን ለማያውቅ ሰው ስለሳቸው ማውራት ይቸግረኛል። ክፉ ነበሩ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ደግ ነበሩ ብል ደግሞ ራሴን እበድላለሁ። እንደ አባቴ የማያቸው ሰው ነበሩ። ምናልባት ያን ያህል የጎዱኝም ለዚህ ይሆናል።

የተዋወቅነው አትላንታ፣ ኮሌጅ ፓርክ ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ። እኔ ከኤርፖርት እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሸትል እነዳ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ መኪኖቹን በየተራ የሚያሰማሩት ሰው ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ክራቫት የማይለያቸው። ከክራቫቱ በላይ የሚያብረቀርቀውን ብርቱካናማ ሰደርያ ይደርቡበታል። አንድ ነገር ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም። መነጽራቸውን ያወልቁና በክራቫታቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩታል፣ መልሰው ያጠልቁታል፤ ከዚያ ነው መልሱ የሚመጣው። ብዙ ጊዜ መልሱ አንዲት ቃል ናት፦ "ማስረጃ?" ዛሬ ሊዘንብ ነው ብትላቸው እንኳ "ማስረጃ?" ይሉሃል። እኛም ተምረንባቸው፣ ምሳ በልቻለሁ የሚል ሰው ሲገኝ ሁላችንም ባንድ ድምፅ "ማስረጃ?" እንል ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ወጣት መኮንን ነበሩ። ጦሩ የወታደር ሕግ ተምረው እንዲመጡ እንግሊዝ አገር ላካቸው፤ ሲመለሱ የጦር ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። በኋላ ጊዜ ተለወጠና ተሰደዱ። አትላንታ ውስጥ የወታደር ሕግ ለሚያውቅ ሐበሻ የሚሰጥ ሥራ የለም፤ እሳቸው ግን ትምህርታቸውን ለአንድ ቀንም አልተዉትም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተራ ሲጠብቁ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ። ሻለቃ የሚጨቃጨቁት ስለ እንግሊዝ ወታደር ነው።

"በድሮ ጊዜ" ይሉኛል፣ ሸትሉ ውስጥ ጋቢና ተቀምጠው፣ "የእንግሊዝ ወታደር ሕግ የንጉሡ ቃል ነበር። ንጉሡ ሲዘምት ደንብ ያወጣል፤ ዘመቻው ሲያልቅ ደንቡም ያልቃል። በኋላ ወታደር አመፀና ፓርላማው ሕግ አወጣ። ግን ንጉሡ በሰላም ጊዜ ጦር ይዞ እንዳይጫነው ፈርቶ፣ ሕጉን በየዓመቱ ነበር የሚያድሰው።"

"እንደ መኪና ታርጋ?"

"እንደ ታርጋ። ያልታደሰ እንደሆነ ወታደሩን መቅጣት አይቻልም።"

ይሄን ሲናገሩ ደስ ይላቸዋል። የሚያናድዳቸው የሚቀጥለው ነው። ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ።

"ክሱን የሚፈቅደው አዛዡ። ዐቃቤ ሕጉን የሚሾመው አዛዡ። ዳኞቹን ከራሱ የበታች መኮንኖች መካከል የሚመርጠው አዛዡ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሚያጸድቀውም ያው አዛዥ! ወታደሩ ምን ቀረው?"

"ዱዓ" እላለሁ።

"እሱ ብቻ!" ይሉና ይስቃሉ።

ይህ አሠራር እስከ እኛ ዘመን ድረስ ቆይቶ ነበር አሉ። አንድ ወታደር እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ረታና ሕጉ ተለወጠ። እኔ ያኔ አልነበርኩም፤ ጋሽ ሁሴን የሚባሉት የጀመዓችን፣ የሹፌሮች ማኅበራችን፣ ሽማግሌ ናቸው የሚያወሩት። ሻለቃ በማግስቱ አንድ ካርቶን ተምር ይዘው መጥተው ለሹፌሩ ሁሉ አደሉ። ጋሽ ሁሴን "ምን ተገኘ? ልጅ መጣ እንዴ?" ቢሏቸው፣ "እንግሊዝ ሕጓን አሻሻለች!" አሉ። ጋሽ ሁሴን እስከ ዛሬ ይሄን እያወሩ ይስቃሉ።

በዚያ ሁሉ የተበላሸ ሕግ ውስጥ ግን ሻለቃ አንድ የሚወዱት ነገር ነበር። የጦር ፍርድ ቤት ዳኞች ድምፅ ሲሰጡ የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነው። ትልቁ መጨረሻ ይናገራል። "ጄኔራሉ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ መቶ አለቃው ምን አፍ አለው?" ይሉ ነበር።

ይህችን ነገር ነው ወደ እኛ ያመጧት። እኛ የሹፌሮች ጀመዓ አለን። አብዛኛው የወሎ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ያደግንም አለን። ሰው ሲታመም እንጠይቃለን፣ ሲሞት እንቀብራለን፣ ሁለት ሰው ሲጋጭ ሸንጎ ተቀምጠን እናስታርቃለን። ሸንጎው እንደ አገር ቤት ነበር። ትልቁ ይናገራል፣ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፣ ሲጠየቅ "እንዳሉት" ይላል። ሻለቃ ይሄን ገለበጡት። ከፈራጆቹ መካከል በቅርብ ጀመዓውን የተቀላቀለ ይጀምር፣ ሽማግሌ ይጨርስ አሉ።

ጋሽ ሁሴን በጣም ተቆጡ። "ሽበቴን ይዤ ከአወል ቀጥዬ ልናገር?" አወል ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ እግር ሹፌር ነበር።

"አዎ" አሉ ሻለቃ። "እኔ ደግሞ ከእርስዎ ቀጥዬ።"

መጀመሪያ የቀረበው ክስ አንድ ሹፌር ተራ ዘሎ የአውሮፕላን ሠራተኞችን ጫነ የሚል ነበር። ሻለቃ ሸንጎ ላይ ሁሉንም አንቱ ነው የሚሉት፤ ከሳሹንም ተከሳሹንም። "አቶ አወል፣ እርስዎ ምን ይላሉ?" ሲሉት አወል ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ግን፣ "እኔ በሩ ጋ ነበርኩ፤ የሆቴሉ ማናጀር ናት ጠርታ ጫንልኝ ያለችው" አለ። ነገሩ እዚያው አለቀ። ሲወጡ ጋሽ ሁሴን አወልን ይዘው "እኔ ቀድሜ ቢሆን ኖሮ ይሄን ትናገር ነበር?" አሉት።

"ወላሂ አልናገርም ነበር ጋሽ ሁሴን።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥርዓቱን የተቃወመ የለም።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚይዙት የገባኝ በአንድ ረመዳን ነው። ለኢፍጣር ስማይርና የምትባለው ከተማ እኔ ቤት ይዤያቸው ስሄድ መንገዱ ተዘግቶ ቆምን። እኔ ምንም አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የጀመሩት። ምክትል መቶ አለቃ ሳሉ፣ ዳኞች ጎድለው አንድ ቀን ከዳኞቹ አንዱ ሆነው ተቀመጡ። ዘብ ጥሎ ጠፋ የተባለ ወታደር ነበር የቀረበው። ልጁ ወባ ይዞት ወድቆ እንደነበር ሻለቃ ያውቃሉ። ሰብሳቢው ኮሎኔል ግን ቀድሞ "ጥፋተኛ ነው" አለ።

"እርስዎስ?"

"እስማማለሁ አልኩ።"

ወታደሩ እስር ቤት ሞተ። ስሙን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "በየሶላቱ" አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም ያን ዕለት፣ እኚህ ሰው ባሉበት ማንም በሐሰት አይፈረድበትም ብዬ አመንኩ። ሞኝ ነበርኩ ማለት አልፈልግም፤ ማንም ቢሆን ያምን ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ባጭሩ ነው የምናገረው። ከማል የሚባል ከኛው ጀመዓ የሆነ ሰው፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳ ነበር። አዲስ የመጣውን የሚስቱን ወንድም፣ የሥራ ፈቃድ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ብሎ፣ በራሱ አካውንት ያስነዳው ጀመር። እኔ ሰማሁና "ከማል፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ሪፖርት ይደረጋል፣ ተው" አልኩት። ተጣላን። ትንሽ ቆይቶ የሆነ ሰው ጠቆመበት፤ አካውንቱን ዘጉበት። ከማል የአራት ልጆች አባት ነው፣ እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው። ሙስጠፋ ነው የጠቆመኝ አለ፤ ሙስጠፋ እኔ ነኝ።

በኛ ሰው ዘንድ ጠቋሚ ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። ሌባ ይመለሳል ይባላል። በጠቋሚ ፊት ግን ስለ ወረቀትም፣ ስለ ሥራም፣ ስለ ምንም የሚያወራ ሰው አይኖርም።

ሸንጎው እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ አንድ የሐበሻ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ተቀመጠ። ፈራጆቹ አወል፣ ጋሽ ሁሴንና ሻለቃ ናቸው። እኔ ተረጋግቼ ነው የገባሁት፤ ሀያትን እንኳ "ሻለቃ አሉ፣ አታስቢ" ብያት ነው የወጣሁት።

"አይ ስዌር፣ ከሱ ሌላ ማንም አያውቅም" አለ ከማል። "ሪፖርት ይደረጋል ብሎ በአፉ ነግሮኛል፤ ወዲያው ዲአክቲቬት ተደረግኩ። ኮኢንሲደንስ ነው ልትሉኝ ነው?"

"ብዬዋለሁ" አልኩ። "እንዲጠነቀቅ ነው ያልኩት። ልጠቁም የፈለግኩ ብሆን ምን አስጠነቀቀኝ?"

አወል ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ "እኔ እንኳ የሚመስለኝ..." ብሎ ጀመረ። ወደ እኔ እያየ ነበር። ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ቆይ፣ አወል" አሉ ሻለቃ። "እኔ ልቅደም።"

ጋሽ ሁሴን ቀና ብለው አዩዋቸው። ሻለቃ ማንንም አላዩም። "ሙስጠፋ ልጄ ነው" አሉ። "ቤቴ ገብቶ የሚወጣ ልጅ ነው። ይሄን መናገር ለኔ ከባድ ነው። ግን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ማስፈራራቱን ራሱ አምኗል።"

"ማስረጃው ምንድን ነው ሻለቃ?" አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ግን መልሰው አላጠለቁትም። "ቀጥል አወል" አሉ።

አወል መሬት መሬት እያየ፣ "ሻለቃ እንዲህ ካሉ እኔ ምን እላለሁ" አለ። "እስማማለሁ።"

ጋሽ ሁሴንም ተስማሙ። ከማልን አፉ በለኝ ብሎ ይቅርታ እስኪጠይቅ ከጀመዓው ይታገድ ተባለ። ያላደረግኩትን አፉ በለኝ አልልም ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ። ሻለቃ ተከትለውኝ ይወጣሉ ብዬ መኪናዬ ውስጥ ትንሽ ጠበቅሁ። አልወጡም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማብዛት አልወድም። ደሴ ያለችው እናቴ የሞተች ጊዜ ስማይርና ቤቴ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሀያት በትልቁ ድስት ሩዝ ሠራች፣ ከጎረቤት ወንበር ተዋስን። የመጡት የሀያት እህትና ሁለት አሜሪካውያን ጎረቤቶች ናቸው። አወል ከሕንፃው በታች መኪናውን ፓርክ አድርጎ በስልክ አጽናናኝ፤ ወደ ላይ ግን አልወጣም። ወንበሮቹን ስመልስ ያለቀስኩት ለእናቴ ብቻ አልነበረም። ኮሌጅ ፓርክንም ተውኩት፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ አካባቢ በሽተኛ የሚያመላልስ ቫን መንዳት ጀመርኩ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከመሞታቸው አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሻለቃ ራሳቸው ደወሉልኝ። ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሄድኩ። ያለ ክራቫት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንገታቸው እንዲህ ቀጭን መሆኑን አላውቅም ነበር።

"መጣህ" አሉ። "ቁጭ በል። ሙስጠፋ፣ የከማልን ነገር ሪፖርት ያደረገው ያሲን ነው።"

ያሲን ልጃቸው ነው። እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ ተምሮ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራ። ጀመዓችን ውስጥ ማንንም አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ከቢሮው መኪና ጠራ፤ የመጣው ሹፌር ፎቶው ላይ ያለውን ሰው አልመሰለውም፤ አፑ ላይ 'ሹፌሩ ይሄ አይደለም' የምትለውን ነካ አደረጋትና ረሳው። ማታ እራት ላይ "ዛሬ ከማል የሚባል ሹፌር፣ ላይክ፣ ሌላ ሰው ልኮ፣ ሪፖርት አደረግኩት" ብሎ እንደ ቀልድ አወራላቸው።

"ክፋት የለውም እኮ" አልኩ። "ልጁ ምን ያውቃል? ይሄንኑ ቢናገሩ ምን ነበረበት?"

"ያን ሰሞን ገና ከኔ ጋር ጁምዓ መምጣት ጀምሮ ነበር። ስንት ዓመት የለመንኩትን። ጠቋሚ ቢሉት በዚያችው ቀን ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። እሱ አይችለውም። አንተ ትችለዋለህ ብዬ ነው።"

እንዲህ ነው ያሉኝ። ትችለዋለህ ብዬ ነው። እናቴን ብቻዬን ያለቀስኩት ስለምችል ነው።

"ያሲን ያውቃል?"

"ያውቃል። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ።" እጃቸውን ዘረጉልኝ። "አፉ በለኝ።"

እጃቸውን አልያዝኩም። "እነዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የገዛ ጦራቸው የረሸናቸው የእንግሊዝ ወታደሮች" አልኩ፣ "ከስንት ዘመን በኋላ ምን ተደረገላቸው ነበር ያሉኝ?"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይቅርታ ተደረገላቸው።"

"ፍርዱስ?"

"ፍርዱ አልተሻረም። ሕጉ ላይ ጽፈውታል፣ ይቅርታው ፍርዱን አይነካም ብለው።" ዓይናቸውን ገለጡና፣ "እብድ አድርጎኝ ነበር" አሉ። "ይቅር ባዩ ማን ሆነና!"

"እንግዲያው እኔን አይለምኑኝ። አወልና ጋሽ ሁሴን በየቀኑ እዚህ ይመጣሉ አሉ። ለነሱ ይንገሯቸው። በእነሱ ፊት ነው የፈረዱብኝ።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"ነገ። ኢንሻአላህ፣ ነገ ሲመጡ።"

አመንኳቸው። አሁንም አመንኳቸው! በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ስልኬ በጮኸ ቁጥር አወል ነው ብዬ ነበር የማነሣው። ማንም አልደወለም። ሀያት የሞታቸውን ዜና ይዛ ብቅ ያለችው እንዲህ ስጠብቅ ነው።

ቀብር ሄድኩ። ከተማው ዳር ባለው መቃብር፣ ብዙ ሰው ነበር። ጀናዛው ላይ ከተሰገደ በኋላ ያሲን ወደ ፊት ወጣ። እንደ ወጉ ለሟች አፉ የሚለምነው ልጁ ነው። አማርኛው ተሰባብሮ፣ እያለቀሰ፣ "አባቴ ያስቀየማችሁ ካላችሁ፣ ፕሊስ፣ አፉ በሉት" አለ።

"አፉ ብለናል!" አለ ሰው ሁሉ።

እኔ ዝም አልኩ። የተጠቀለሉበትን ከፈን አየሁት፤ ትንሽዬ ሆነው ነበር። ጋቢና ተቀምጠው ጣታቸውን እያጠፉ የሚቆጡት ሰውዬ ናቸው እዚያ ውስጥ ያሉት። ነገሯቸውም አልነገሯቸውም፣ ከእንግዲህ አላህ ፊት ናቸው፤ ማስረጃም እዚያ አይጠፋም። "አፉ ብያለሁ" አልኩ። ሰው ሁሉ ጨርሶ ስለነበር የኔ ድምፅ ለብቻው ተሰማ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ጋሽ ሁሴን ዞረው አዩኝ። መጥተው አቀፉኝ፣ እንባቸው ጢማቸውን አርሶት ነበር።

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ" አሉኝ። "እሳቸውም እኮ አፉ ብለውህ ነው የሄዱት። ሆስፒታል ድረስ እንደ መጣህ ነግረውናል። 'ሙስጠፋ መጥቶ ነበር፣ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ እናንተም ይቅር በሉት፣ ልጅ ነው ይሳሳታል' አሉን። አደራ ብለውናል።"

ከጀርባቸው አወል ራሱን ይነቀንቃል፣ እውነት ነው እንደማለት። ከማልም መጣ። ሸብቷል። "ይለፍ፣ ብሮ" አለኝና እጁን ዘረጋ። "ለሻለቃ ስል እኔም አፉ ብዬሃለሁ።"

ያሲንን አየሁት። ሁለት እርምጃ ርቆ ነው የቆመው፤ ሁሉንም ሰምቷል። አካፋውን አነሣና አባቱ ላይ አፈር መመለስ ጀመረ።

"ጨብጠው እንጂ ልጄ፣ በጀናዛው ፊት" አሉኝ ጋሽ ሁሴን።

የከማልን እጅ ጨበጥኩ። ሰዉ ተደሰተ፣ አንድ ሁለት ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ጀመዓው ሰላም ይለኛል፣ ለሰርግም ለለቅሶም ይጠራኛል፤ እኔም እሄዳለሁ፣ ምሕረት የተደረገለት ጠቋሚ ሆኜ።